ስለ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍትና በዲጂታል ዘመን ስላለው አገልግሎት

ቤተ መጻሕፍት ስሙ እንደሚያስረዳው የመጻሕፍት ቤት ማለት ነው። ነገር ግን ቤቱ የተሠራው ለመጻሕፍቱ ሳይሆን ለአንባቢው መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1931 ስለዚህ ሙያ አምስት ሕጎችን ባወጣ ጊዜ፥ መጻሕፍት የሚቀመጡት እንዲሠራባቸው መሆኑን በመጀመሪያው፥ የአንባቢው ጊዜ መቆጠብ እንዳለበት ደግሞ በአራተኛው ሕግ ደንግጎአል። እኛም እነዚህን ሁለት አሳቦች መሠረት አድርገን፥ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት በዲጂታል ዘመን ሥራው ምን መሆን እንደሚገባውና በድሬዳዋ ለሚማር ተማሪ ምን እንደሚጠቅም ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች፥ የኢትዮጵያ መሆናቸው ከተነገረው በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ድሬዳዋ ከአዲስ ነገር ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። በ1902 የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ በደረሰ ጊዜ ከተማይቱ ከሐዲዱ ጋር ተወለደች። በነሐሴ ወር 2022 ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎቱን ከአገሪቱ ከተሞች ሁሉ አስቀድሞ የጀመረው በዚችው ከተማ ነው። ነገር ግን ሐዲድ ብቻውን ጭነት አይሆንም። የመጣውን ዕቃ የሚቀበል፥ የሚለይና ለባለቤቱ የሚያስረክብ ጣቢያ ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ሐዲዱ ከሆነ፥ ቤተ መጻሕፍት ጣቢያው ነው ብንል አሳቡን ሳናጋንን የምንገልጸው ይመስለናል። ጣቢያው ሊያከናውናቸው የሚገቡት ሥራዎችም አራት ናቸው።

1ኛ፤ የምርምር መጽሔቶችን ለተማሪው ማድረስ። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲጀምር ስልኩን አውጥቶ ርእሱን ይፈልጋል፤ የሚፈልገውንም ጽሑፍ ያገኛል። ሊያነበው ሲል ግን በዶላር ክፈል ይባላል። በዚህ ጊዜ ተስፋ ቈርጦ አጭሩን መግለጫ ብቻ አንብቦ ሙሉውን እንዳነበበ ሰው ይጠቅሳል፤ ወይም ከግቢ በር አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ የሚሸጥ የሌላ ሰው ጽሑፍ ይገዛል። ሁለቱም ለትምህርቱ ጉዳት ናቸው። ዳሩ ግን ለዚህ ችግር መፍትሔ ከተገኘ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ በ2002 ሂናሪ የተባለውን አገልግሎት ጀመረ። በ2003 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለእርሻ ጥናት የሚሆነውን አጎራን አስከተለ። ዛሬ እነዚህና ሌሎች መሰሎቻቸው ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባል አንድ ስም ይጠራሉ፤ የኢትዮጵያ የትምህርት ተቋሞችም ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት ወገን ናቸው። ተቋሙ ተመዝግቦ የይለፍ ቃል ይቀበላል፤ ያንኑም ለመምህራንና ለተማሪዎች ያሳውቃል። ይህን ያልሰማ ተማሪ፥ በጓሮው የጕድጓድ ውኃ እያለ በጄሪካን ውኃ የሚገዛ ሰው ይመስላል።

2ኛ፤ ካታሎጉን ለቋንቋችን የተስማማ ማድረግ። ቀድሞ በመሳቢያ ውስጥ ይደረደር የነበረው ካርድ ዛሬ በኮምፒዩተር ተተክቶአል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ኮሃ የተባለው ሶፍትዌር በኒውዚላንድ ተሠርቶ ከ2000 ጀምሮ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፥ ስሙም በማኦሪዎች ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከውጭ የመጣ መሣሪያ የእኛን ጠባይ በራሱ አያውቅም። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቍጥር ተሰጠው። ስለዚህ ለእኛ ጆሮ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፥ ሐና ኀ፥ እንዲሁም ሰና ሠ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀ፥ ለኮምፒዩተሩ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ፀሐይ ተብሎ የተመዘገበውን መጽሐፍ ጸሀይ ብሎ የሚፈልግ ሰው፥ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ የለም የሚል መልስ ይሰጠዋል። የከተማችን ስም እንኳ አንዳንዱ ድሬዳዋ ብሎ አጣብቆ፥ አንዳንዱ ድሬ ዳዋ ብሎ ለይቶ ስለሚጽፈው ስለ እርሷ የተጻፈው ነገር በሁለት ስፍራ ይበተናል።

የሰው ስምም እንደዚሁ ነው። በአውሮፓ ልማድ ደራሲ የሚመዘገበው በቤተ ሰቡ ስም ስለሆነ፥ ቅጹን ያለ ማስተዋል የሞላ ሠራተኛ ከበደ ሚካኤልን ሚካኤል በሚለው ስም ያስገባቸዋል፤ አንባቢው ግን የሚፈልጋቸው ከበደ ብሎ ነው። የዓመቱም ጕዳይ ከዚህ አያንስም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1953 የታተመ መጽሐፍ የዘመን አቆጣጠሩ ሳይገለጽ ከተመዘገበ፥ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያለ ቦታው ይሄዳል፤ በዚያም ላይ ተመሥርቶ የሚጻፍ ታሪክ ይፋለሳል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የመጽሐፉ አርእስት እንደ ታተመ ሳይለወጥ ይቀመጥ፤ ኮምፒዩተሩ በሚፈልግበት ጊዜ ግን ሞክሼ ፊደሎችን እንደ አንድ እንዲቈጥር ይደረግ፤ የደራሲው ስም በራሱ ስም ይጀምር፤ ዓመቱም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ይህን የውጭ አገር ባለሙያ ሊሠራልን አይችልም፤ የእኛው የኮምፒዩተርና የቋንቋ ተማሪዎች ሊሠሩት የሚገባ ነው።

3ኛ፤ የተማሪውን ሥራ መጠበቅ። ባለፈው ዓመት በነሐሴ 2006 ስለ ደረሰው የደቻቱ ጎርፍ አንድ ቀድሞ የተመረቀ ተማሪ የጻፈውን ጥናት ለማንበብ ፈልገን ነበር። ጎርፉ በአንድ ሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ሰው ያጠፋ ስለሆነ፥ በዘመኑ ከነበሩት ሰዎች አፍ የተሰበሰበ ቃል ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በአንድ የትምህርት ክፍል መዝገብ ላይ አርእስቱን አገኘን፤ ጽሑፉን ግን ብንፈልግ አጣነው። ቢሮው ሲዛወር ወረቀቱ የት እንደ ገባ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ያ ተማሪ በፀሐይ እየዞረ የጠየቃቸው ሽማግሌዎች ዛሬ ሁሉም በሕይወት ላይኖሩ ይችላሉ። እንግዲህ የጠፋው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ሊደገም የማይችል ምስክርነት ነው።

ይህን ለመከላከል የተዘጋጀው መሣሪያ የዲጂታል የጥናት ማኅደር ነው። ከነዚህም የታወቀው ዲስፔስ በ2002 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ተባባሪነት የተሠራ ሲሆን፥ እርሱም በነጻ ይገኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን በእንደዚህ ያለ ማኅደር ለዓለም አንባቢ ከፍቶአል። በ2019ም በዚያን ጊዜ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፥ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የሚያዝ ፖሊሲ አጽድቆአል። መመሪያው አለ፤ መሣሪያውም አለ፤ የቀረው እያንዳንዱ ጽሑፍ በተረከቡበት ቀን ወደ ማኅደሩ እንዲገባ ማድረግ ነው።

4ኛ፤ አገልግሎቱን ማስተዋወቅ። ማርኬቲንግ የሚለው ቃል ለነጋዴ እንጂ ለቤተ መጻሕፍት አይስማማም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ወደ ቀፊራ ገበያ ብንወርድ፥ ዕቃውን ሸፍኖ ገዢ እስኪመጣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነጋዴ አናይም። ነጋዴው ደንበኛው ምን እንደሚሻ ያውቃል፤ ያለውንም ዘርግቶ ያሳያል። ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል። ለአዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ሕንጻውን ማስጐብኘት ብቻ አይበቃም፤ የመመረቂያ አርእስት በሚመረጥበት ወር ባለሙያው ራሱ ወደ ክፍሉ መጥቶ ፍለጋውን ቢያሳይ ይሻላል። ተማሪው ዘወትር በሚያየው በቴሌግራም አዲስ የገባውን ቢያስታውቅ ብዙ ወጪ የለውም። ከሁሉም በላይ፥ አንባቢዎች ፈልገው ያጡትን ቃል እየመዘገበ ቢያጠና፥ የሚጐድለውን ከማንም አማካሪ ይልቅ ያንኑ መዝገብ ያስረዳዋል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔት ይዘገያል፤ ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ ብዙ ነው ይባላል። ነገሩ እውነት ነው። ዳሩ ግን ማኅደሩና ካታሎጉ በግቢው ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ቢቀመጡ፥ የውጭው መስመር ቢቋረጥም በግቢው መረብ ይሠራሉ። ዲጂታል ሲባልም ወረቀቱ ይጣል ማለት አይደለም፤ መብራት በጠፋ ጊዜ የሚያገለግለው የታተመው መጽሐፍ ነው። በመጋቢት 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪ ሁሉ ወደየቤቱ በተበተነ ጊዜ ግን፥ በተቈለፈ በር ውስጥ ያለ መጽሐፍ ለማንም እንዳልጠቀመ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ሁለቱ ይረዳዳሉ እንጂ አይጣሉም።

በመጨረሻ ሸክሙን ሁሉ በቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ላይ ልንጥል አንፈልግም። መምህሮቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀበሉ ከወረቀቱ ጋር የኮምፒዩተሩን ቅጂ ቢጠይቁ፥ እኛም ተማሪዎች ቅጂውን ከነፈቃዳችን ብናስረክብና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ቀርበን የይለፍ ቃሉን ብንጠይቅ፥ ሥራው ከግማሽ በላይ ይቃለላል። ከእኛ በኋላ ስለ ደቻቱ ሊያጠና የሚነሣ ተማሪ አርእስቱን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉንም እንዲያገኝ ምኞታችን ነው።