ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ፦ የመኪና ጉዞን በመቀነስ ወጪንና ብክለትን ስለ መቀነስ የቀረበ ማብራሪያ

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ የአዲስ አበባ መግቢያና መውጫ በሮች ናቸው። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የሚገኙ ክፍለ ከተሞች ሲሆኑ፣ ከነዋሪዎቻቸው ብዙዎቹ ማለዳ ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለሕክምናና ለንግድ ወደ አዲስ አበባ ገብተው ምሽት ይመለሳሉ። በእነዚህ ከተሞች መኖርን ከመረጡባቸው ምክንያቶች አንዱ የቤት ኪራይና የመሬት ዋጋ ነው። ይሁንና በኪራይ የተረፈው ገንዘብ በነዳጅ፣ በታሪፍና በመንገድ ላይ በሚባክን ጊዜ ተመልሶ ሲወጣ ይስተዋላል።

በዚህ ምክንያት በርካታ ቤተሰቦች የግል መኪና መግዛትን እንደ ዋነኛ መፍትሔ ይመለከቱታል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚያስገባው ዋና መንገድ በአብዛኛው አንድ በመሆኑ፣ በዚያ መንገድ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ መኪና የሁሉንም ጉዞ ያዘገያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መኪና ያላቸውም ሆኑ የሌላቸው ነዋሪዎች የመኪና ጉዞን በተግባር መቀነስ የሚችሉባቸውን መንገዶችና ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዙ ጥያቄዎችን ወዴት ማቅረብ እንደሚገባ ማስረዳት ነው።

የአንድ መኪና የወር ጉዞ ሲሰላ

ሰበታ ከአዲስ አበባ መሐል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በየ100 ኪሎ ሜትሩ 10 ሊትር ቤንዚን የምትጠቀም መኪና በደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ስትጓዝ በቀን 5 ሊትር፣ በ22 የሥራ ቀናት ደግሞ 110 ሊትር ታቃጥላለች። በመጨናነቅ ውስጥ ቆማ ስትሠራ የምትፈጀው ሲታከልበት መጠኑ ከዚህ ከፍ ይላል። ይህን ቁጥር በወቅቱ የነዳጅ ዋጋ ማባዛት የወር ወጪን በቀላሉ ያሳያል። የጎማ፣ የዘይት፣ የጥገናና የማቆሚያ ወጪ ለብቻው ይታሰባል።

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል። በመሆኑም ከላይ የተጠቀሰችው መኪና በወር 250 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በዓመት ደግሞ ወደ 3 ቶን የሚጠጋ ጋዝ ትለቃለች ማለት ነው። ከጭስ ማውጫው የሚወጡት ሌሎች በካዮች በመንገድ ዳር በሚነግዱ፣ ተሰልፈው ትራንስፖርት በሚጠብቁና በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱ ሕፃናት ጤና ላይ በቀጥታ ጉዳት ያደርሳሉ።

የዚህች መኪና ባለቤት በወር 8 ቀን ብቻ መኪናውን ቤት ቢያቆም 40 ሊትር ቤንዚንና ከ90 ኪሎ ግራም በላይ የሚሆን ጋዝ ያስቀራል። ለውጥ ለማምጣት መኪናን ሙሉ በሙሉ መተው ግዴታ አለመሆኑን ይህ ስሌት ያሳያል።

የኤሌክትሪክ መኪና ብቻውን መፍትሔ ይሆናልን?

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። ከዚያ አስቀድሞም በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የቀረጥና የታክስ ማበረታቻ ተደርጓል። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የሚሄድ የኤሌክትሪክ መኪና ከሰል አቃጥለው ኤሌክትሪክ በሚያመነጩ አገሮች ካለው ተመሳሳይ መኪና እጅግ ያነሰ ብክለት ያስከትላል። ከውጭ የሚገባውን ነዳጅ ለመግዛት የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪም ያድናል።

ሆኖም የኤሌክትሪክ መኪና ጭስን ያስቀር እንጂ መጨናነቅን አያስቀርም። አንድ ሰው ብቻ የጫነች የኤሌክትሪክ መኪና በዓለም ገና አደባባይ ወይም በአዲሱ ገበያ ዳገት ላይ የምትይዘው ቦታ ከቤንዚን መኪና የተለየ አይደለም። በአንጻሩ 12 ሜትር ርዝመት ያለው የከተማ አውቶቡስ የሁለት ወይም የሦስት የቤት መኪኖችን ቦታ ብቻ ይዞ በርካታ አሥር ሰዎችን ያጓጉዛል። ስለዚህ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ጥያቄ «በምን ዓይነት መኪና ልሂድ?» ሳይሆን «ይህን ጉዞ ማስቀረት፣ መጋራት ወይም መለወጥ እችላለሁን?» የሚለው ነው።

1. ጉዞን ማስቀረት

ቀደም ሲል በአካል መቅረብን ይጠይቁ ከነበሩ አገልግሎቶች ብዙዎቹ በአሁኑ ጊዜ በስልክና በኢንተርኔት ይሰጣሉ። የመብራትና የውኃ ክፍያን በቴሌብር ወይም በባንኮች የሞባይል አገልግሎት መፈጸም፣ የፓስፖርት ማመልከቻን በኢንተርኔት መሙላት ይቻላል። በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር በማሰባሰብ፣ ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚደረገውን ምልልስ ለመቀነስ የተቋቋመ ነው።

ተገልጋዮች ወደ አዲስ አበባ ከመነሳታቸው በፊት ጉዳዩ በኢንተርኔት ወይም በሚኖሩበት ክፍለ ከተማ ሊፈጸም እንደሚችል ቢያጣሩ፣ የሚያስፈልጉ ሰነዶችንም አሟልተው ቢነሱ፣ «አንድ ወረቀት ጎድሏል» ተብሎ መመለስን ያስቀራሉ። በአንድ ቀን ሊጠናቀቁ የሚችሉ ጉዳዮችን አቀናጅቶ መፈጸምም የጉዞን ቁጥር ይቀንሳል።

2. ጉዞን መጋራት

የመንግሥት ሠራተኞች ለሥራ መግቢያና መውጫ በተመደበው የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ የሥራ መታወቂያቸውን በማሳየት መጠቀም ይችላሉ። አውቶቡሱ በመኖሪያ አካባቢያቸው የሚያልፍበትን መሥመርና ሰዓት ከመሥሪያ ቤታቸው የሰው ሀብት ክፍል መጠየቅ ይገባል። በግል ድርጅቶችና በፋብሪካዎች የሚሠሩም በተመሳሳይ አቅጣጫ የሚኖሩ ባልደረቦቻቸውን ዝርዝር አዘጋጅተው ለአሠሪያቸው ቢያቀርቡ፣ የሰርቪስ መሥመር እንዲመደብ ለመጠየቅ ይረዳቸዋል።

መኪና ያላቸው ጎረቤታሞችም ተራ በተራ አንዱ የሌላውን ይዞ መሄድ ይችላል። ለምሳሌ አራት ባለመኪናዎች በየተራ ቢያሽከረክሩ ከአራት መኪኖች ሦስቱ በየዕለቱ ቤት ይውላሉ። እዚህ ላይ ማስገንዘብ የሚያስፈልገው፣ በግል መኪና ክፍያ እየተቀበሉ ሕዝብን ማመላለስ ፈቃድና የስምሪት ሥርዓት ያለው የንግድ ሥራ በመሆኑ ያለ ፈቃድ መፈጸም እንደማይቻል ነው። መፈራረቅ ግን የጉርብትና ስምምነት እንጂ ንግድ አይደለም።

3. ጉዞን መለወጥ

ወደ ብዙኃን ትራንስፖርት መሸጋገር ሲታሰብ ጉዞውን በሙሉ በአንድ ተሽከርካሪ መጨረስ የግድ አይደለም።

ከሰበታና ከዓለም ገና የሚነሱ መንገደኞች ጦር ኃይሎች ሲደርሱ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርን ምሥራቅ–ምዕራብ መሥመር መጠቀም ይችላሉ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ መሥመር ከጦር ኃይሎች ተነስቶ በልደታ፣ በስታዲየም፣ በመስቀል አደባባይና በመገናኛ በኩል እስከ አያት ይዘልቃል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከመሆኑም በላይ በመንገድ መጨናነቅ አይያዝም። መሥመሩ በጥገና ምክንያት የተገደበ አገልግሎት የሚሰጥበት ጊዜ ስላለ፣ የዕለቱን ሁኔታ አስቀድሞ ማጣራት ይመከራል።

አንዳንድ ነዋሪዎች የኢትዮ–ጅቡቲ የምድር ባቡር ከሰበታ የሚነሳ በመሆኑ ለዕለት ተዕለት ጉዞ ያገለግል እንደሆነ ይጠይቃሉ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው ይህ መሥመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ለዕቃና ለረጅም ርቀት መንገደኞች የተዘጋጀ እንጂ የከተማ ትራንስፖርት አይደለም። ጥቅሙ ለሰበታ ነዋሪ የሚታየው በሌላ መልኩ ነው፦ ኮንቴይነሮች በባቡር መጓጓዛቸው በመንገድ ላይ የሚሄዱትን ከባድ ተሽከርካሪዎች ቁጥር ይቀንሳል።

በቡራዩና በሱሉልታ አቅጣጫ ባቡር ባለመኖሩ ነዋሪዎች በአውቶቡስ፣ በሚድባስና በሚኒባስ ታክሲ ላይ ይመሠረታሉ። ከሱሉልታ የሚመጣው መንገድ የእንጦጦን ሰንሰለት አቋርጦ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርድ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት በመሆኑ፣ በተለይ በክረምት ጭጋግ ጊዜ በተናጠል ከማሽከርከር ይልቅ በአውቶቡስ መጓዝ ለደኅንነትም የተሻለ ነው። የሥራ ሰዓታቸውን ማስተካከል የሚችሉ ደግሞ ከመግቢያና ከመውጫ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድመው ወይም ዘግይተው ቢነሱ ረጅሙን ሰልፍ ያስቀራሉ።

4. አጭሩን ርቀት በእግርና በብስክሌት

በአዲስ አበባ ከሚደረጉ ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር የሚደረጉ ናቸው። ይህን መሠረት በማድረግ በ2012 ዓ.ም. የሞተር አልባ ትራንስፖርት ብሔራዊ ስትራቴጂ ለ10 ዓመታት ተግባራዊ እንዲሆን ይፋ ተደርጓል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተሰኘ ከተሽከርካሪ ነፃ ቀንም መንገድ ለእግረኛም መሆኑን ለማስታወስ የታሰበ ነበር። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የተሠሩት የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ከዚሁ አቅጣጫ ጋር የሚሄዱ ናቸው።

አንድ ኪሎ ሜትር በእግር ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ልጅን በአቅራቢያ ወዳለ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ገበያ መውጣት ወይም ከአስፋልት እስከ ቤት ያለውን መንገድ መጨረስ መኪና ማስነሳትን አይጠይቅም። ሞተሩ ሳይሞቅ የሚደረግ አጭር ጉዞ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከረጅሙ የበለጠ ነዳጅ ይፈጃል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ብስክሌት የዘወትር መጓጓዣ የሆነባቸው ከተሞች ናቸው። የሱሉልታ ሜዳና የሰበታ ውስጥ ለውስጥ መንገዶችም ለዚሁ አመቺ ናቸው።

በእነዚህ ከተሞች ዋና መንገዶች ዳር የእግረኛ መንገድ ያልተሟላባቸው ቦታዎች መኖራቸው አይካድም። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚጓዙ እግረኞች ግራ ጠርዛቸውን ይዘው፣ የሚመጡትን ተሽከርካሪዎች ፊት ለፊት እያዩ መሄድ፣ ሲመሽም ብርሃን የሚያንጸባርቅ ወይም ነጣ ያለ ልብስ መልበስ ይጠበቅባቸዋል። አሽከርካሪዎችም ለእግረኛ ቅድሚያ የመስጠት ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው።

መኪና መጠቀም የግድ ሲሆን

አካል ጉዳተኛን፣ ታማሚን ወይም ከባድ ዕቃን ማጓጓዝን የመሳሰሉ ከመኪና ውጭ ሊፈጸሙ የማይችሉ ጉዞዎች አሉ። በዚህ ጊዜ የሚከተሉትን ማድረግ ነዳጅንም ብክለትንም ይቀንሳል፦

• የጎማን ነፋስ በአምራቹ በተመለከተው ልክ መጠበቅ፣
• የአየርና የነዳጅ ማጣሪያን በወቅቱ መቀየር፣ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራንም (ቦሎን) ለማለፍ ብቻ ሳይሆን ጉድለትን ለማረም መጠቀም፣
• ለረጅም ጊዜ በሚቆሙበት ቦታ ሞተርን ማጥፋት፣
• ድንገተኛ ፍጥነትንና ፍሬንን ማስወገድ፣
• የተቃጠለ ዘይትን ወደ ቱቦ ወይም ወደ ቦይ አለመድፋት፣ መኪናን በወንዝ ዳር አለማጠብ።

የመጨረሻው ነጥብ ለእነዚህ ከተሞች ልዩ ትርጉም አለው። ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚያቀርበው የገፈርሳ ግድብ የሚገኘው በቡራዩ አካባቢ ነው፤ የሰበታ ወንዝ ወደ አዋሽ፣ የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ደግሞ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይፈሳል። በቦይ የተደፋ ዘይት ከዚያው ሰፈር አይቀርም።

ጥያቄና ቅሬታ ወዴት ይቀርባል?

ጉዞው ሁለት አስተዳደሮችን የሚያቋርጥ በመሆኑ ተገልጋዮች ወዴት ማመልከት እንዳለባቸው ሲቸገሩ ይታያል። በጥቅሉ፦

• በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መናኸሪያዎች የሚነሳ የስምሪት፣ የታሪፍና የመሥመር ጥያቄ ለክፍለ ከተማው ወይም ለሸገር ከተማ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም አልፎ ለኦሮሚያ ክልል የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣
• በአዲስ አበባ ተርሚናሎች የሚያጋጥም ጉዳይ ለአዲስ አበባ ከተማ ትራንስፖርት ቢሮ፣
• ከመጠን በላይ መጫንና የትራፊክ ደንብ መተላለፍ በአቅራቢያ ለሚገኝ ትራፊክ ፖሊስ፣
• የእግረኛ መንገድ፣ የመንገድ መብራትና የውኃ መውረጃ ጥያቄ ለክፍለ ከተማው አስተዳደር ይቀርባል።

ቅሬታ ሲቀርብ የተሽከርካሪውን የሰሌዳ ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የተነሱበትንና የወረዱበትን ቦታ እንዲሁም የተከፈለውን ሒሳብ መጥቀስ ያስፈልጋል። ከተፈቀደው ታሪፍ በላይ መጠየቅም ሆነ ጉዞውን አቆራርጦ ደጋግሞ ማስከፈል ተጠያቂነትን ያስከትላል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ለሕዝብ ትራንስፖርት እንዲነጣጠር የተደረገው መንገደኛው በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲጓዝ ታስቦ ስለሆነ፣ ታሪፍ መከበሩን መከታተል የተገልጋዩም መብት ነው። አንድ መሥመር እንዲጨመር በአንድ ሰፈር የሚኖሩ መንገደኞች በጋራ ፈርመው፣ የሚጓዙበትን ሰዓትና በግምት የተሳፋሪውን ቁጥር ገልጸው ቢያመለክቱ፣ ጥያቄው በተናጠል ከሚቀርብ አቤቱታ ይልቅ ለውሳኔ ይመቻል።

በመግቢያ ሰዓት የተሽከርካሪ እጥረትና ረጅም ሰልፍ እስካለ ድረስ ነዋሪው መኪናውን ትቶ እንዲወጣ በምክር ብቻ መጠበቅ አይቻልም። አገልግሎቱን ማስፋት የአስተዳደር አካላት ኃላፊነት ነው። በሌላ በኩል ዛሬ በአንድ ሰው ብቻ ተይዘው ወደ ከተማ ከሚገቡት መኪኖች ጥቂቶቹ እንኳ በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ቢውሉ፣ የቀሩት ሁሉ፣ በአውቶቡስ ውስጥ የቆመው መንገደኛም ጭምር፣ ፈጥነው ይደርሳሉ። ስለሆነም የሦስቱ ከተሞች ነዋሪዎች ከሳምንታዊ ጉዟቸው መካከል ሊቀር፣ ሊጋራ ወይም ሊለወጥ የሚችለውን አንዱን መርጠው ከመጪው ሳምንት ጀምሮ እንዲሞክሩት ጥሪ እናቀርባለን።