ጊዜያዊ ጥርስና የባሌ ቆሎ

ለበዓል ቤተሰብዎን ይዘው ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ ሮቤ ሊሄዱ ነው እንበል፤ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከሁለት ሳምንት በፊት የጥርስ ሐኪምዎ ኢምፕላንት ተክለው፣ ክፍተቱን በጊዜያዊ ጥርስ ሸፍነውልዎታል። በመስታወት ሲያዩት ከራስዎ ጥርስ አይለይም። ባሌ ደግሞ የገብስ አገር ነው። ገና አረፍ ከማለትዎ አክስትዎ ትኩስ ቆሎ በሰፌድ ያቀርባሉ፤ «ኧረ ዝገኑ!» ይላሉ።

እርስዎ አይዝገኑ።

አጥንት ውስጥ የገባው ብሎን ቲታኒየም ነው። በላዩ ያለው ጊዜያዊ ማገናኛም ከቲታኒየም ወይም ፒክ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራል። የሚታየው ጥርስ ግን ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ ሲታጠፍ የሚችለው ጫና ወደ 100 ሜጋፓስካል ሲሆን፣ ለቋሚ ጥርስ የሚውለው ዚርኮኒያ 1000 ገደማ ይችላል። አንዲት የገብስ ፍሬ ደግሞ የመንጋጋዎን ጉልበት በአንድ ነጥብ ላይ ታሳርፈዋለች።

«ታዲያ ለምን ደካማውን ሰጡኝ?» ቢሉ አይፈረድብዎትም። አክሪሊክ በቀላሉ ይሞረዳል፤ ድዱ ሲድን ቅርጹን እየተከተሉ ያስተካክሉታል። ለወራት ብቻ ስለሚቆይም ይበቃል። ዋናው ሥራ ያለው ከሥር ነው። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ በጥንቸል አጥንት ውስጥ የተከሉት ቲታኒየም ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ አልነቀል አላቸው፤ የዛሬው ኢምፕላንት የመጣው ከዚያ ነው። ይህ መጣበቅ በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። በዚህ መሀል ብሎኑ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ብዙም በማይበልጥ መጠን እንኳ ደጋግሞ ከተነቃነቀ፣ በአጥንት ፋንታ ለስላሳ ሥጋ ሊከበው ይችላል። ያኔ ኢምፕላንቱ ይወጣል፤ ወጪውም ስቃዩም እንደገና ይጀመራል። እንዲያውም የጥርሱ መሰበር ቀላሉ ጉዳት ነው እላለሁ።

ከመንገድዎ በፊት የኢምፕላንቱን ስምና መጠን በወረቀት ያጽፉ። የየፋብሪካው ብሎንና መፍቻ ይለያያል፤ ሮቤም ሆነ ጎባ የሚያገኙት ሐኪም ምን እንደተተከለ ካላወቀ መፍታት ሊያቅተው ይችላል። ከተሰበረ ስባሪውን በንጹሕ ዕቃ ያስቀምጡና ሐኪምዎ ጋ ይደውሉ። በሱፐር ግሉ ለማጣበቅ አይሞክሩ (የሚሞክር አይጠፋም)። ጥርሱ መወዛወዝ ከጀመረም ራስዎ አያጥብቁት።

አክስትዎ እንዳይቀየሙ ደግሞ ጭኮ ይጠይቁ። ያው የተቆላ ገብስ ነው፤ ተፈጭቶ በቅቤ ስለታሸ ማኘክ እምብዛም አያስፈልገውም። ቆሎውን ልጆቹ ይዝገኑት።