እውነት ወይስ ተረት? የማይጨስ መኪና፣ የማይታይ ጨረር

ሐይቅ ስለ ራሱ የሚተረክለት ተረት አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዜር ተቆጣ፤ ሴትዮዋ ከተቀመጠችባት ቁራሽ መሬት በቀር ዙሪያው ሁሉ በውሃ ተዋጠ። ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለው በዚያች ቁራሽ መሬት ላይ ነው ይባላል፤ ቀድሞ ደሴት ነበረች፣ አሁን ውሃው ሸሽቶ ከየብስ ጋር ተያይዛለች። ይህን ተረት ላርመው አልመጣሁም። በደል እንዳይረሳ የተተረከ ነገር ሜትር አይወጣለትም።

የማርመው ሌላውን ነው፤ ከገዳሙ ወጣ ብሎ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ ዓሣ ከሚጠበስበት ሻይ ቤት የሰማሁትን። አንድ ዕድሜ የጠገቡ የአይሱዙ ሹፌር መኪናቸውን አቁመው ሻይ ይጠጣሉ። አንድ ቅጥቅጥ መንገዱን አጥቁሮት ሲያልፍ፣ "እይልኝ ልጄ! የኔዋ ግን ጭስ የሚባል አታውቅም፤ እንደ ጠበል የጠራች ናት" አሉኝ። ረዳታቸው ጣልቃ ገባ። ውጭ አገር የመኪና ጭስ በሌዘር እንደሚለካ በስልኩ አይቷል። "ጋሼ፣ ጨረር ያሳልፉበታል፤ በቃ፣ ምን እንደተፋ ይታወቃል።" ሹፌሩ ሳቁ። ከዚያማ ሻይ ቤቱ በሙሉ አዋቂ ሆነ። ያቃጥላል ያለ አለ፤ ነፋስ ይበትነዋል ያለ አለ፤ የፈረንጅ ጨዋታ ነው ያለም አለ። እኔም የተባለውን አንድ በአንድ ያዝኩ።

"ካልጨሰ ንጹሕ ነው።"

ተረት ነው፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ሌዘር አያስፈልግም፣ እናቶቻችን ይበቃሉ። ከሰል የሚቀጣጠለው ደጅ ነው፤ ጭሱ እስኪያልፍለት ይራገባል፣ ፍሙ ሲቀላ ቤት ይገባል። ሰው በተዘጋ ቤት ታፍኖ የሚያድረው ግን በዚያ ጭስ በሌለው፣ ባማረው ፍም ነው። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ቤንዚን በቂ አየር ሳያገኝ ሲቃጠል ከማርሚታው የሚወጣውም ይኸው ራሱ ነው። ናፍታ ደግሞ በሲሊንደሩ ውስጥ ባለው ኃይለኛ ሙቀት የአየሩን ናይትሮጅንና ኦክስጅን አጣምሮ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራል። እሱም ሲወጣ አይታይም፤ አየር ውስጥ ቆይቶ ነው ቡናማውንና ሳንባ የሚቆጠቁጠውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚሆነው። ዓይናችን የሚያየው ጥላሸቱን ብቻ ነው።

ጥላሸቱ ይቅር ይባል ማለቴ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍታ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ጋር የመደበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ቅጥቅጡ ጥፋተኛ ነው። የሹፌሩ አይሱዙ ግን ገና አልተመረመረችም።

እዚህ ላይ የአገሩ ከፍታም ይገባል። ሐይቅ ከባሕር ጠለል 2000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲወጣ ነዳጁ ያው ሆኖ አየሩ ይጎድለዋል። ሹፌሮች "ደሴ ስትደርስ ትታፈናለች" የሚሉት ይህንኑ ነው፤ አባባላቸው ትክክል ነው።

"ጨረሩ ጋዙን መትቶ እንደ ራዳር ይመለሳል።"

ይህ የተማረውንም ያሳስታል። ጨረሩ ጋዙን አልፎት ይሄዳል፤ ቁም ነገሩ ያለው ሳይደርስ በቀረው ብርሃን ላይ ነው።

ክራር አጠገብ ሆናችሁ ድምፃችሁን አውጡ። ክሮቹ ሁሉ አይንቀጠቀጡም፤ ከድምፃችሁ ጋር የገጠመው ብቻ ይርገበገባል። የተርገበገበውም ከድምፃችሁ ጥቂት ጉልበት ወስዶ ነው። ጋዝም እንዲሁ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል አንድ ካርቦንና አንድ ኦክስጅን ተሳስረው የሚርገበገቡበት ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 4.6 ማይክሮሜትር አካባቢ የሆነ ብርሃን ሲያገኘው ይንቀጠቀጣል፣ ከብርሃኑም ይቀንሳል። ናይትሪክ ኦክሳይድ ከ5.3 አካባቢ ይወስዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ4.3፣ ሜቴን ከ3.3። ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የሰው ዓይን የሚያየው ቀይ ብርሃን 0.7 ገደማ ላይ ስለሚያበቃ እነዚህ ሁሉ ከዓይን የተሰወሩ ናቸው። በየአካባቢው ደግሞ እያንዳንዱ ጋዝ አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም ያለው፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ መስመሮች በማበጠሪያ ጥርስ ያህል ተራርቀው የተደረደሩ ናቸው።

አምባሰል ለቅኝት ስሙን ያበደረ አገር ነው። ጆሮው የለመደ ሰው አዝማሪው ማሲንቆውን ጥቂት እንደገዘገዘ አምባሰል ይሁን ባቲ ይነግራችኋል፤ መጠየቅ አያስፈልገውም። መሣሪያውም ጋዙን የሚለየው የትኞቹ ድምፆች እንደጎደሉ አይቶ ነው። ስንት ያህል እንደሆነ የሚነግረው ደግሞ የጉድለቱ ልክ ነው፦ ጋዙ በበዛ፣ ጨረሩ ጭሱ ውስጥ የሚጓዝበት መንገድ በረዘመ ቁጥር የሚጎድለው ብርሃን ይጨምራል።

ታዲያ ለምን ሌዘር? ተራ አምፖል ሁሉንም ድምፅ ባንዴ የሚጮህ የገበያ ቀን ነው። ሌዘር አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲጨመርለት ወይም ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደ ክራር ክር ከፍና ዝቅ ይላል። በዚያች በጠበበች ቦታ የሚፈለገው ጋዝ መስመር ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ይህንንም በሰከንድ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ይመላለሰዋል።

"ጥላሸቱ ጨረሩን ስለሚጋርደው ልኬቱ ውሸት ነው።"

ከሻይ ቤቱ ክርክሮች ሁሉ ደህናው ይህ ነበር፤ ያነሣው አንድ መካኒክ ነው። እውነትም ጥላሸት ብርሃን ይጋርዳል። ግን ሁሉንም ድምፅ እኩል ነው የሚያደበዝዘው፤ በወፍራም መጋረጃ ውስጥ እንደሚሰማ ዘፈን። ጋዙ የሚቀንሰው ከራሱ መስመር ላይ ብቻ ነው። ሌዘሩ መስመሩ ላይና ከመስመሩ ወጣ ብሎ እየተመላለሰ ሁለቱን ስለሚያነጻጽር፣ የጋራው ጉድለት ለጥላሸቱ፣ ልዩነቱ ለጋዙ ይጻፋል። በዚህ ዘዴ ነው ጭሱን በቱቦ ስበው፣ አቀዝቅዘው፣ አጣርተው መሣሪያ ውስጥ ሳያስገቡ፣ እዚያው በጋለው ቧንቧ ውስጥ መለካት የተቻለው።

መካኒኩ ሙሉ በሙሉ አልተረታም ግን። ቧንቧው ላይ የሚገጠመው መስታወት ጨርሶ ከጠቆረ የሚያልፍ ብርሃን አይኖርም። ሙቀቱና ግፊቱም ካልታወቀ ስሌቱ ይሳሳታል፤ የጋዙ መስመሮች በግፊት ይወፍራሉ፣ አየሩ በሳሳበት ይቀጥናሉ። ቆላ ላይ የተስተካከለ መሣሪያ እዚህ ሲመጣ እንደ ሞተሩ ሁሉ እሱም ለከፍታው መቃኘት አለበት።

"የሐይቁ ነፋስ እያለ ካለፈ መኪና ላይ ምን ይለካል?"

ጭሱ እንደሚበተን ማንም አይክድም። ከኋላው ምን ያህሉ ጨረሩ ላይ እንደደረሰ አይታወቅም፤ ነፋስ ባለበት ትንሽ፣ በሌለበት ብዙ ይሆናል። መፍትሔው የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው። መሣሪያው ካርቦን ሞኖክሳይዱን ለብቻው አይጠይቅም፤ አብሮት ከወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ያወዳድረዋል። ነፋስ ሁለቱን እኩል ነው የሚበትናቸው። ወጡ በውሃ ቢቀጥንም የጨውና የበርበሬው ምጣኔ አይለወጥም እንደማለት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስንት ነዳጅ እንደነደደ ስለሚናገር፣ ከአንድ ሊትር ነዳጅ ስንት ግራም ቆሻሻ እንደወጣ ከዚያ ይሰላል።

ይህን መንገድ ዳር አቁሞ የሠራው በአሜሪካ የዴንቨር ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ዶናልድ ስቴድማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ። የእሱ የታች-ቀይ (ዓይን የማያየው) መብራት እንጂ ሌዘር አልነበረም፤ በሌዘር የሚሠሩት ኋላ መጡ፣ ከላይ ሆነው ወደ መንገዱ እያበሩ ከአስፋልቱ ላይ ከተነጠፈ አንጸባራቂ ጥብጣብ የሚመለሰውን ይቀበላሉ። (ራዳር ያሉት ሰዎች ያዩት ይህን ይሆናል፤ የሚያንጸባርቀው ግን ጥብጣቡ ነው።) ስቴድማን ያገኘው ውጤት ከመሣሪያው ይበልጥ ይገርመኛል፦ ከሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግማሽ ያህሉ ከመኪኖቹ ከአንድ አሥረኛው ብቻ የሚመጣ ነበር። ዘጠኙ ባለመኪና ለአንዱ ኃጢአት ይታማል ማለት ነው።

"ሌዘር አይደል፣ ያቃጥላል።"

ብረት የሚቆርጠው ሌዘር በኪሎ ዋት ይቆጠራል፤ ይህኛው በሚሊ ዋት፣ በሚሊዮን እጥፍ ያነሰ። እንደ ራጅም ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሴል የሚሰብር ጨረር አይደለም። ጥንቃቄው ለዓይን ነው፤ የማይታይ ብርሃን ስለማያስጨፍን፣ ምንጩ ላይ አፍጥጦ ማየት አይገባም። ይኸው ነው።

"ሌዘር ከሆነ ሁሉንም ይለካል።"

አይለካም። ከማርሚታ ከሚወጣው ሁሉ የሚበዛው ናይትሮጅን ነው፤ ሁለት አንድ ዓይነት አቶሞች የተጣመሩበት ስለሆነ እንዲህ ላለው ብርሃን አይርገበገብም። ያልተወጠረ ክር ነው። ኦክስጅን ከቀይ ብርሃን ጥቂት አለፍ ብሎ፣ 0.76 ማይክሮሜትር ላይ ደካማ መስመር ስላለው በግድ ይያዛል። አንድ ሌዘር ለአንድ ወይም ለሁለት ጋዝ ነው የሚያገለግለው፤ ሦስት ጋዝ ለሚፈልግ ብዙ ጊዜ ሌላ ሌዘር መግዛት ነው። የውሃ እንፋሎትም በየመስመሩ ጣልቃ እየገባ ያስቸግራል።

"የፈረንጅ አዲስ ጨዋታ ነው።"

አዲስ እንኳ አይደለም። የመጀመሪያው ሌዘር የበራው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በ1971 ክሮይዘርና ፓቴል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሌዘር ድምፁን እያስተካከሉ በክፍል አየርና በመኪና ጭስ ውስጥ ያለውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ለክተው አሳትመዋል። የዚያን ጊዜው መሣሪያ በኃይለኛ ማግኔትና በብርቱ ቅዝቃዜ የሚሠራ፣ ከቤተ ሙከራ የማይወጣ ነበር። ነገሩን ያቀለለው በ1994 ቤል ላብስ ውስጥ የተሠራው ኳንተም ካስኬድ ሌዘር ነው፤ እነዚያን ረጃጅም ሞገዶች ከሩዝ ፍሬ ባነሰ ቁራጭ ማውጣት ተቻለ።

"የፈረንጅ" የሚለውም ቢሆን ያነጋግራል። በጋዝ መስመር ጋዝን መለየት አዲስ አበባ ከገባ ቆይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ባለሙያዎች፣ ከእነርሱም ግዛው መንግሥቱ፣ ከጀርመኑ የካርልስሩኸ ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2009 በከተማዋ ያቆሙት መሣሪያ በሌዘር ፈንታ በፀሐይ ብርሃን የሚጠቀም ነበር፤ ፀሐይዋ በአየሩ አልፋ ስትደርስ የትኞቹ መስመሮች እንደጎደሉባት አይቶ ኦዞንንና ሌሎች ጋዞችን ይለካ ነበር። ሌዘር ይዞ ጭስ ላይ የሠራ ኢትዮጵያዊ ለሚፈልግም በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሰለሞን ቢልልኝ አሉ። የእርሳቸው ጭስ ግን የማርሚታ ሳይሆን የምድጃ ነው፦ እንደ ባሕር ዛፍና ግራር ያለውን የምሥራቅ አፍሪካ ማገዶ በቤተ ሙከራ እያነደዱ፣ በሁለት መስተዋቶች መካከል የሚመላለስ የሌዘር ብርሃን በጭሱ ምክንያት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሞት ይለካሉ። መስተዋቶቹ እጅግ አንጸባራቂ ስለሆኑ ብርሃኑ በአጭር ቱቦ ውስጥ ኪሎ ሜትሮች ይመላለሳል። ለእኛ አገር ኩሽና ይህ ከመኪናው ጭስ የሚቀርብ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

"ቦሎ ካለፈች ንጹሕ ናት።"

ይህን ያሉት ራሳቸው ሹፌሩ ናቸው፤ ተከትለው ሳቁ፤ ፓምፕ ለምርመራ ቀን ተቀንሶ በማግሥቱ መልሶ እንደሚከፈት ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። በዚህ የሐበሻ ሹፌር ብቻውን አይታማ። ቮልስዋገን የናፍታ መኪኖቹን ምርመራ ላይ መሆናቸውን እንዲያውቁና ያን ጊዜ ብቻ ጨዋ እንዲሆኑ አድርጎ ሠርቷቸው የተያዘው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ያጋለጠው የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን መሣሪያውን መኪናው ላይ ጭኖ መንገድ ለመንገድ መዞሩ ነው። የእነርሱ መለኪያ ሌዘር አልነበረም፤ ቁም ነገሩ በቆመ መኪና ላይ አለመለካቱ ነበር። ወደ እኛ ስንመለስ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ትንሿን መኪና ይመለከታል፤ ሐይቅን አቋርጦ እህልና ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ናፍታ ግን ያው በመንገዱ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው ሹፌሩ አቋርጠው አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ "ልጄ፣ ያቺ ጨረር የት ነው የምትቆመው? ወደ ደሴ ስወጣ ነው ወይስ ወደ ሐይቅ ስወርድ?"

"ዳገቱ ላይ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው። እንዲያ ነውም፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ነዳጅ ስለማይጠጣ የሚለካ ጭስ አይገኝም፤ ቦታ ሲመረጥ መኪናው ጥቂት የሚደክምበት አቀበት ይፈለጋል። "ምነው፣ አንቱ ቁልቁለቱን ይመርጣሉ?"

ብርጭቋቸውን አስቀምጠው አይሱዙዋን አዩአት። "ስወጣማ ትይዘኛለች" አሉ።