ምድር ቤትን መታጠቢያና የልብስ ማጠቢያ ለማድረግ ሐሳብን ስለ ማሰባሰብ

ቤት የሚያሠራ ሰው ድንጋይ፣ እንጨትና ሲሚንቶ ከማከማቸቱ በፊት ሐሳብ ማከማቸት ይኖርበታል። ሐሳብ ሳይሰበሰብ የተጀመረ ግንብ ብዙ ጊዜ ፈርሶ እንደገና ይሠራል፤ ድካሙና ወጪውም እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ሐሳብ ከየት ይሰበሰባል? ተሰብስቦስ እንዴት ይለያል? ይህን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገር ከጉና ተራራ ጀምሮ እስከ በሽሎ ሸለቆ ድረስ ወጣ ገባ የበዛበት ነው። በእንዲህ ያለ አገር ቤት በተዳፋት ላይ ሲሠራ፣ በታችኛው ወገን ያለው የድንጋይ ግንብ ከፍ ስለሚል ከወለሉ ሥር አንድ ክፍል ሊወጣው ይችላል። ይህም ክፍል ምድር ቤት ይባላል። በስማዳ ወረዳ ከተማ በወገዳ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ምድር ቤት አለው እንበል። ቤተሰቡ ክፍሉን የገላ መታጠቢያና የልብስ ማጠቢያ ለማድረግ አስቧል። ልጁ በከተማ ሆቴል ያየውን የሚያብረቀርቅ ሸክላ ንጣፍ ይመኛል። አባት ከክፍሉ ግማሹ እንደ ቀድሞው የእህል ማስቀመጫ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ዘወትር ልብስ የሚያጥቡትን እናትንና ሴት ልጃቸውን ግን የጠየቃቸው የለም።

የመጀመሪያው የሐሳብ ምንጭ መሆን የሚገባው ግን በቦታው የሚሠራው ሰው ነው። እናት ቢጠየቁ ሳፋው መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ወገባቸውን እንደሚያማቸው ይናገሩ ይሆናል። ከዚህ መልስ አንድ ሐሳብ ይገኛል፤ ይኸውም ማጠቢያው ቆመው የሚያጥቡበት፣ እስከ ወገብ ከፍ ያለ ግንብ እንዲሆን ነው። ልጅቱ ደግሞ ውሃ ተሸክማ ደረጃ መውረዷን ታነሣለች። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ የውሃው ክብደት ብቻ ሃያ ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ በርሜሉ ከላይ በኩል ተቀምጦ ውሃው በቧንቧ ቢወርድ ሸክሙ ይቀንሳል። በሩም ከውስጥ የሚቀረቀር ቢሆን ያለ ስጋት ገላዋን ለመታጠብ ትችላለች።

ሁለተኛው ምንጭ ቦታው ራሱ ነው። ውሃ ወደ ቤት ሲገባ መውጫውም አብሮ መታሰብ አለበት። መውጫ ያጣ ውሃ ወደ መሠረቱ ይሰርጋል፤ ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ እንደ ሆነም ጭቃውን አላልቶ ግንቡን ያናጋዋል። ከዚህም የተነሣ ወለሉ በሲሚንቶ ተለስኖ ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ ዘቅዘቅ ማለት ይገባዋል። በአንድ ሜትር ርዝመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅታ በቂ ነው፤ ሦስት ሜትር ለሆነ ወለል ስድስት ሳንቲ ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ከቀዳዳው ቀጥሎ ያለው ቧንቧ ታጥፎ ጥቂት ውሃ እንዲይዝ ቢደረግ መጥፎ ሽታ ተመልሶ አይገባም። የሳሙናው ውሃም ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ባይገባ ይመረጣል፤ ጉድጓዱን ቶሎ ይሞላዋልና። በሐምሌና በነሐሴ ልብስ በደጅ ስለማይደርቅ ነፋስ የሚያልፍበት መስኮትና የልብስ መስጫ ገመድም ያስፈልጋል። እርጥበት ባለበት ክፍል የተቀመጠ እህል እንደሚሻግት ሲታሰብ ደግሞ የአባት ሐሳብ ከዚህ ቤት ጋር እንደማይስማማ ይታያል። ለእህሉ ሌላ ደረቅ ቦታ መፈለግ ግድ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ሌሎች የሠሩትን ማየት ነው። ጎንደር ከተማ በአፄ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ ለጥምቀት በዓል የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ነው። ቦታው ከፍና ዝቅ ማለቱን ያወቀ ግንበኛ ውሃን ያለ ሞተር ሊያስኬደው እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ሁለተኛ ምሳሌ ከአድዋ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚህ ምልከታ ተነሥተው እንዶድ የብልሃርዝያን ተውሳክ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። የእጥበት ውሃ ከቤት ከወጣ በኋላም ሥራውን አያቆምም። በመሆኑም የፍሳሹ ቦይ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይወርድ መጠንቀቅ ያሻል።

ሐሳቡ ከተሰበሰበ በኋላ መለየት ይከተላል። ይህን ለማድረግ በወረቀት ላይ ሦስት ረድፍ ማስመር ይበቃል። በአንደኛው ረድፍ የግድ የሚያስፈልገው ይጻፋል፤ የወለሉ ዝቅታ፣ ፍሳሹ፣ መስኮቱና የበሩ መቀርቀሪያ በዚህ ይገባሉ። በሁለተኛው የሚጠቅመው፣ ማለትም ከፍ ያለው ማጠቢያና ከላይ የሚቀመጠው በርሜል ይሰፍራል። በሦስተኛው የሚያስጌጠው ይመጣል። የልጁ ሸክላ ንጣፍ ቦታው እዚህ ነው፤ ገንዘብ ቢተርፍ ይገዛል፣ ባይተርፍ ግን ግድግዳውን ኖራ መቀባት ቤቱን ብሩህ ያደርገዋል። ገንዘቡ በንጣፉ ቢጀመር ኖሮ ፍሳሹ ሳይሠራ ሊያልቅ ይችል ነበር።

ተማሪዎች፤ ድርሰት ለመጻፍ ስትነሡም የምትከተሉት መንገድ ከዚህ አይለይም። አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ተመልከቱ፣ መዝግቡ፤ ከዚያም ዋናውን ከጌጡ ለዩ። ለመለማመድም ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ልብስ የሚያጥበውን ሰው ምን እንደሚያስቸግረው ጠይቁና መልሱን በሦስት ረድፍ ጽፋችሁ አምጡ።