ከውጅግራ እስከ ቱርክ ሽጉጥ፦ በድሬዳዋ መስመር ያለፉ አሮጌ ሞዴሎች

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ገንዘቡ ውስን ለሆነ ገዢ የሚያቀርባቸውን ሽጉጦች ደጋግሞ ለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1994 «ሲግማ»ን አወጣ። ቃታው ይከብዳል የሚለው ወቀሳ ሲበዛበት በ«ኤስዲ» ተካው። በ2012 «ኤስዲ ቪኢ»፣ በ2023 ማብቂያ ደግሞ «ኤስዲ 2.0» ተከተሉ። ለአሜሪካዊው ገዢ ነገሩ የዋጋና የምቾት ጉዳይ ነው፤ አዲሱን ከአሮጌው አስተያይቶ ይገዛል ወይም ይተወዋል። እኛን የሚያሳስበን ጥያቄ ሌላ ነው፦ የተተካው መሣሪያ ወዴት ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ እንደ ድሬዳዋ አድርጎ የሚመልስ ከተማ በአገራችን አላውቅም። ከተማዋን የወለዳት የባቡር ሐዲድ፣ ከእርሱ በፊት የነበረው የግመል መንገድ፣ ዛሬ በደወሌ የሚገባው አስፋልት፣ ሁሉም በየዘመናቸው ሌላ አገር የጣለውን መሣሪያ ወደ መሐል አገር ሲያሻግሩ ኖረዋል። ይህን የመቶ አርባ ዓመት ጉዞ ስመለከተው አንድ ነገር ይጎላብኛል። መሣሪያው ማርጀቱ ሁልጊዜ አልጎዳንም። የጎዳን ጥይቱና መንገዱ በሌላ ሰው እጅ የወደቁ ጊዜ ነው።

ጉዞውን ከታጁራ እንጀምር። በ1878 ዓ.ም. ግጥም መጻፍ ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ እዚያ ወደብ ላይ ግመል ይጠባበቅ ነበር። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ንግዱን ሳይደብቅ ዘርዝሮታል። ዕቃው የአውሮፓ ጦር ከአርባ ዓመት በፊት ያሰናበተው፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። በሊዬዥ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣል፤ ሸዋ ሲደርስ ግን 40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣል። ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ የጫነው ሲራራ ነጋዴ ከታጁራ ተነሥቶ አንኮበር እስኪደርስ ወራት ፈጀበት፤ ሸሪኮቹም ትርፉን ሳያዩ ሞቱ።

ራምቦ የደረሰው ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን በያዙበት በ1879 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ ከሐረር ዘመቻ የተሻለ መሣሪያ ይዘው ተመልሰው ነበርና የነጋዴውን ዋጋ ቆረጡበት። ከሚገባው ገንዘብ ከፊሉንም ሐረር ወርዶ ከገዢው ከመኮንን እንዲቀበል አዘዙት። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የባለቅኔው መከራ ሆኖ ነው። እኔ ግን ከገዢው ወገን ሆኜ ማየት እመርጣለሁ። ምኒልክ የቀረበላቸው ዕቃ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን አውቀው በዚያው ልክ ዋጋ የሰጡ ገዢ ነበሩ።

ዋናው ለውጥ የመጣው ወዲያው ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ የታጠቀው በካፒቴን ባዚል ግራ ስም የሚጠራውን ጠመንጃ ነበር፤ የእኛ ሰው ውጅግራ ያለው ይህንን ነው። አንድ ጎራሽ ሲሆን አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲተኮስ የሚወጣው የጥቁር ባሩድ ጭስ ተኳሹን ያጋልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳይ ጭስ የሌለውን ባሩድ ሠርታ ስምንት ጥይት የሚጎርሰውን ለበን አወጣች። በዚህ አንድ እርምጃ በዓለም ላይ ያለ የእግረኛ ጠመንጃ ሁሉ ባንድ ጊዜ አረጀ። ጀርመንና እንግሊዝ በ1888፣ ሩሲያና ጣሊያን በ1891 መሣሪያቸውን ቀየሩ። በየመጋዘኑ የተከመረው ውጅግራ፣ በርዳን፣ ሬሚንግተንና ቬተርሊ ገዢ ፈለገ። ኃያላኑ እ.ኤ.አ. በ1890 ብራስልስ ላይ ተሰብስበው ወደ አፍሪካ የሚሄደውን መሣሪያ ለመገደብ ቢስማሙም በኦቦክና በጅቡቲ የሚያልፈው ግመል አልቆመም።

ምኒልክ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ውጅግራን ማብዛታቸው በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስለኝም። የውጅግራ ጥይት የናስ ቀለህ አለው። ቀለሁ ተለቅሞ ባሩድና እርሳስ እንደገና ይሞላበታል፤ ጥቁር ባሩድ ደግሞ በአገር ቤት መቀመም የተለመደ ነበር። የለበን ጥይት ግን ባሩዱ ከፋብሪካ ካልመጣ በቀር የማይተካ ነው። ስለዚህ አሮጌው ጠመንጃ ለኢትዮጵያ ወታደር ከአዲሱ ይልቅ ያስተማምነው ነበር። ጥይቱ ከመብዛቱና ከመፈለጉ የተነሣ በአንዳንድ ገበያ ከአሞሌና ከማርትሬዛ ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር። ዝናሩን የሞላ ሰው ገንዘብም ታጥቆ ይሄዳል ማለት ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር፣ ግምቱ ቢለያይም፣ ከ70 ሺህ የማያንስ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ከጀርባውም ፈጣን ተኳሽ የሆቸኪስ መድፎች ነበሩ። የሚገርመው የባላጋራው ትጥቅ ነው። ጣሊያን አዲሱን የ1891 ጠመንጃ ሠርታ ሳለ አድዋ ላይ ያሰለፈቻቸው ወታደሮች በአብዛኛው የያዙት አሮጌውን ቬተርሊ ነበር። በሁለቱም ወገን ፋብሪካው ያሳለፈው ሞዴል ተሰለፈ፤ በርካታ ጠመንጃና በቂ ጥይት ያከማቸው፣ መንገዱንም ቀድሞ የከፈተው ወገን አሸነፈ። የጀግንነቱን ድርሻ አሳንሼ አይደለም፤ ጀግናው ባዶ ዝናር ታጥቆ እንዳልዘመተ ማስታወሴ ነው።

የድሬዳዋ ልደት ከዚሁ ንግድ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ፈቃድ ከምኒልክ ከተቀበሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነው። ሌላው፣ ሊዮን ሸፍኖ፣ ለዓመታት ለንጉሡ ጠመንጃ ሲያመላልስ የኖረ ፈረንሳዊ ነጋዴ ነበር። መሣሪያ በግመል ያስጫነው ሰው ሐዲድ አስዘረጋ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ወጪው ስለከበደው ቆላውን ይዞ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በዚያ ሜዳ ላይ አዲስ ሐረር የተባለች ከተማ ተቆረቆረች። ገንዘብ አልቆ ሥራው ሲቆም ድሬዳዋ ለዓመታት የባቡሩ መጨረሻ ሆነች። ከዚያ ወዲያ ወደ መሐል አገር የሚሄደው ዕቃ ሁሉ እዚያ ይራገፋል፣ እዚያ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። በዴቻቱ ወንዝ ማዶና ማዶ ያሉት ከዚራና መጋላ ያደጉት በዚህ መራገፍና መጫን ነው።

ሦስቱ ጎረቤት ኃያላን፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን፣ በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በሚመለከት ሲዋዋሉ በዚያው ቀን ስለ መሣሪያ ዝውውር የተለየ ስምምነት መፈረማቸው የባቡሩን ትርጉም መረዳታቸውን ያሳያል። ሕጋዊው በር ሲጠብ ሕገወጡ ይሰፋል። ሄንሪ ደ ሞንፍሬይድ የተባለው ፈረንሳዊ ጀብደኛ እ.ኤ.አ. በ1911 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በድሬዳዋ የቡናና የቆዳ ንግድ ከሠራ በኋላ ጅቡቲ ወርዶ በቀይ ባሕር የመሣሪያ ኮንትሮባንድ ገባ። ኋላ ድሬዳዋ ላይ የዱቄት ወፍጮና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበረው፤ በ1933 እ.ኤ.አ. ከአገር ተባረረ።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆንም ስለ መሣሪያ ንግድ ግዴታ እንድትገባ ተደርጋለች። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተፈረመው ውል መንግሥት በሕጋዊ መንገድ እንዲያስገባ በር ከፈተ። ይህ ውል ትልቅ ዲፕሎማሲያዊ ድል ነበር። በተከተሉት ዓመታት ከቤልጂግ ኤፍኤን ፋብሪካ አዲስ ማውዘር ተገዛ፤ ከአሮጌ ነጋዴ መጋዘን ሳይሆን በቀጥታ ከሠሪው። ሕዝቡም «ቤልጅግ» እያለ ሸለለበት።

ግን ጊዜው አጠረ። አዲሱ ጠመንጃ የደረሰው ለክብር ዘበኛና ለጥቂት ጦር ነው፤ ከየአውራጃው የከተተው ገበሬ አያቱ አድዋ የዘመተበትን ውጅግራ አንግቦ ወጣ። ከዚያ የከፋው መንገዱ መዘጋቱ ነው። በ1927 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ክልከላው ሁለቱን ወገኖች በእኩል ይመለከታል ቢባልም ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ የታሰረችው ኢትዮጵያ ብቻ ናት። ክልከላው በመንግሥታቱ ማኅበር ሲነሣም ፈረንሳይ በጅቡቲ ባቡር የሚያልፈውን መሣሪያ ገደበች። በምኒልክ ዘመን የኢትዮጵያ ጉሮሮ የነበረው ሐዲድ በክፉ ቀን ታነቀ። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወራሪ ፊት የደረሰብንን ሽንፈት በጠመንጃ ማርጀት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። አውሮፕላኑና የመርዝ ጋዙ አለ፤ የማይሞላው ዝናርም አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ ባቡር በድሬዳዋ አልፈው ወደ ስደት ሄዱ፤ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋ ተያዘች። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ተሸናፊው ጦር ጥሎት የሄደው መሣሪያ፣ ቤሬታ ሽጉጡ ጭምር፣ በአገሬው እጅ ቀረ።

ከጦርነቱ በኋላ ሻጩ ተለወጠ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው ውል የመጣው ኤም ዋን ጋራንድ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1936 የተቀበለችው፣ ጥቂት ቆይታም በኤም 14 የተካችው ነው።

ድሬዳዋ በውጭ ሻጭ መሣሪያ የመደገፍን ውጤት በገዛ አካሏ አየችው። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወርር የባቡር ድልድዮች ፈርሰው ሐዲዱ ተቆርጦ ነበር። አጥቂው የሶቪየት ታንክና ክላሽ፣ ተከላካዩ በአብዛኛው የአሜሪካ መሣሪያ ይዞ ነሐሴ 11 እና 12 ከተማዋ በር ላይ ተፋለሙ። ድሬዳዋ አልወደቀችም፤ ሰማዩን የያዙት የኢትዮጵያ ኤፍ 5 ተዋጊ ጀቶች ድርሻቸው ትልቅ ነበር። ዋሽንግተን ፊቷን ካዞረች በኋላ ሞስኮ በአየርና በባሕር ብዙ መሣሪያ ላከች። የላከችው 7.62 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩሰውን ክላሽ ነው። የራሷ ጦር ግን እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውን ባለ 5.45 ክላሽ መታጠቅ ጀምሮ ነበር። ከለበን በኋላ ውጅግራ ላይ የሆነው ከዘጠና ዓመት በኋላ ክላሽ ላይ ተደገመ። የመኮንኑ ሽጉጥ ማካሮቭም እዚሁ ዘመን የገባ ነው፤ እርሱ ራሱ በሶቪየት ጦር ውስጥ የቀድሞውን ቶካሬቭ የተካ፣ አሠራሩ የቀለለ ሞዴል ነበር።

ያለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት ግን ከእስካሁኑ ሁሉ ይለያሉ። ጉምሩክና ፖሊስ ተያዘ እያሉ በተደጋጋሚ ካሳወቋቸው መሣሪያዎች መካከል ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ ስሙ ገንኖ ወጥቷል። በሱዳን፣ በጅቡቲና በሶማሊያ በኩል ይገባል። ከእነዚህ ውስጥ መጀመሪያ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተለወጡም አሉ። እነዚህ የማንም ጦር ያሳለፋቸው አይደሉም። ከጅምሩ በርካሽ ተሠርተው ለርካሽ ገበያ የወጡ ናቸው። ውጅግራን መንግሥት ገዝቶ ለዘማች ያድለው ነበር፤ ይህን ግን ደላላ ለማንም ይሸጠዋል፤ የሚተኮሰውም በወራሪ ላይ ሳይሆን በጎረቤት ላይ ነው። በዚህ ረገድ ዘመናችን ከራምቦ ዘመን የባሰ ነው ብዬ አምናለሁ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣው ለዚህ ነው፤ አገሪቱ ማን ይታጠቅ፣ በምን ፈቃድ ይታጠቅ የሚለውን በአንድ ሕግ መዘርዘሯ ዘግይቶም ቢሆን ተገቢ ነበር።

ሐዲዱም ታድሷል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪኩ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራው ጣቢያ ያልፋል፤ በለገሃሬ ያለው አሮጌው ጣቢያ ከነጥገና ፋብሪካው ከዋናው መስመር ውጪ ሆኗል። ጎብኚ ሲመጣ የሚነገረው ስለ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሠራተኞቹና ስለ አሮጌ ሞተሮቹ ነው። አድዋና ማይጨው በዚህ መስመር መከፈትና መዘጋት የተነካኩ መሆናቸውን የሚነግረው የለም። ሐረር ላይ የሸሪፍ ሙዚየም የጥንት መሣሪያዎችን ሰብስቦ አስቀምጧል። የድሬዳዋ አስተዳደርም በለገሃሬ አንድ አዳራሽ ከፍቶ ውጅግራውን፣ ለበኑን፣ ቤልጅጉንና ክላሹን ከየውሎቻቸውና ከየጭነት መዛግብቱ ጋር ጎን ለጎን ሊያሳይ ይገባዋል። በየቤታችሁ የአያት ጠመንጃ ወይም የሽሜንዴፈር (የድሮው ባቡር) ዘመን ወረቀት ያላችሁ የድሬ ልጆችም ወረቀቱን ለአይጥና ለምስጥ አትተዉት፤ ጠመንጃውንም በሕጉ መሠረት አስመዝግቡት፣ ታሪኩን ጻፉለት።