ድንጋይ ማብቀል

ባለፈው ሴሚስተር የሲቪል ምህንድስና ጓደኞቼ ሲሚንቶ ሲያቦኩ እኔ ላቦራቶሪ ጥግ ተቀምጬ ባክቴሪያ እመግብ ነበር። እናቴ በስልክ «ምን እየሠራሽ ነው?» ብትለኝ «ድንጋይ እያበቀልኩ» አልኳት። «እዚያ አገር ድንጋይም ይበቅላል?» ብላ ሳቀች።

ይበቅላል። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ እቶን ተቃጥሎ ነው፤ የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ያህሉም ከዚሁ ይመጣል። ስፖሮሳርሲና ፓስቴሪ የሚባለው የአፈር ባክቴሪያ ግን እሳት አይፈልግም። የምንሰጠው ገበሬዎቻችን ማሳ ላይ የሚበትኑትን ዩሪያ ነው። ዩሪያውን ሲሰባብረው አሞኒያና ካርቦኔት ይወጣሉ፤ ውሃው ውስጥ ካልሲየም ካለ ካርቦኔቱ ከእሱ ጋር ተጣምሮ ባክቴሪያው ገላ ላይ ይረጋል። ያ የረጋው ነገር የኖራ ድንጋይ ነው፤ የአሸዋውን ቅንጣቶች እርስ በርስ ያጣብቃል። ባክቴሪያውም በሠራው ድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። (ዩሪያው ራሱ ጋዝ ከሚፈጅ ፋብሪካ እንደሚመጣ መምህሬ አስታውሶኛል። ስለ አሞኒያው ሽታ ደግሞ ባላወራ ይሻላል።)

የመጀመሪያውን የአሸዋ ቱቦዬን ስከፍት ላዩ በምስማር ብቧጭረው አልነቃነቅ አለ፤ ታቹ ግን እጄ ላይ ፈሰሰ። ፈሳሹን የማፈሰው ከላይ ስለነበር ባክቴሪያዎቹ መግቢያው ላይ ድንጋይ ሠርተው መንገዱን ዘጉት፣ ከታች ያሉት ተራቡ። ለካ ከባዱ ነገር ድንጋዩን መሥራት ሳይሆን ለሁሉም እኩል ማዳረስ ኖሯል። በሁለተኛው ቱቦ ባክቴሪያውን አስቀድሜ አሸዋው ውስጥ አሳድሬ፣ ምግቡን ከታች ወደ ላይ በቀስታ ገፋሁት። ተሻለ፤ መሃሉ ግን አሁንም ልል ነው።

በ2020 ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዊል ስሩባር ቡድን ባክቴሪያው ሳይሞት የሚቆይበትን ጡብ አሳየ። እንደ ቅጠል ከብርሃን የሚኖር ባክቴሪያ ከአሸዋና ከጄላቲን ጋር አዋሃዱ። ጡቡን ለሁለት ከፍለው አዲስ አሸዋ፣ ጄላቲንና ምግብ ሲጨምሩለት ግማሾቹ እንደገና ሙሉ ጡብ ሆኑ፤ እስከ ሦስት ትውልድ ዘልቀዋል። የእንጀራ እርሾ የሚያስቀምጥ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጣጣው ጡቡ የሚጠነክረው ሲደርቅ፣ ባክቴሪያው የሚኖረው ሲረጥብ መሆኑ ነው። ከ30 ቀንና ከሦስት ትውልድ በኋላ በሕይወት የተገኘው ከ9 እስከ 14 በመቶ ያህሉ ነበር።

ለግድግዳ ከሆነ እኔ የተቀበረውን ባክቴሪያ እመርጣለሁ። ሦስተኛውን ቱቦ ሰኞ እከፍታለሁ።