የጋራ ሕንፃ ከባድ ጥገና የባለሙያ ቡድን

የጋራ ሕንፃ ከባድ ጥገና የባለሙያ ቡድን አንድ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሕንፃውን ጣሪያ፣ ሶሌታ፣ ዓምድ፣ በረንዳ ወይም የቧንቧ መስመር በስፋት ለመጠገን ሲነሳ የሚያሰባስባቸው የምሕንድስና፣ የሕግ፣ የሒሳብና የግንባታ ባለሙያዎች ስብስብ ነው። ጉዳዩ በተለይ የሚያሳስበው የመጠባበቂያ ገንዘባቸው አነስተኛ የሆነ ማኅበሮችን ነው። እነዚህ ማኅበሮች ለባለሙያ የሚከፈለውን ገንዘብ እንደ ትርፍ ወጪ ቆጥረው በቀጥታ ወደ ሥራ ተቋራጭ የሚሄዱበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን አንዴ ቢሳሳቱ እንደገና የሚከፍሉት ገንዘብ ስለሌላቸው፣ ገለልተኛ ባለሙያ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው። በዚህ ጉዳይ ሰፊ የሕግ ለውጥ ካደረጉ ቦታዎች አንዷ የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ግዛት ናት።

ማኅበሩና መጠባበቂያው

በጋራ ሕንፃ (ኮንዶሚኒየም) ውስጥ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱ ቤት ቢኖረውም መሠረቱ፣ ዓምዱ፣ ጣሪያው፣ ደረጃውና ሊፍቱ የሁሉም ነው። የጋራ የሆነውን የሚያስተዳድረው የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። በኢትዮጵያም የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ተመሳሳይ ማኅበር እንዲቋቋም ይደነግጋል።

ማኅበሩ ከሚሰበስበው መዋጮ ከፊሉ ለጽዳት፣ ለጥበቃና ለመድን ሲውል ከፊሉ ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። ለምሳሌ 25 ዓመት የሚያገለግል ጣሪያ ለመተካት 500,000 ዶላር የሚያስፈልግ ቢሆን በየዓመቱ 20,000 ዶላር መቆጠብ አለበት። በፍሎሪዳ ባለቤቶች ይህን ቁጠባ በድምፅ ብልጫ በየዓመቱ መተው ወይም መቀነስ ይችሉ ነበር። ይህም ወርሃዊ ክፍያውን ዝቅ ሲያደርግ ያልተቆጠበው ገንዘብ ግን ወደፊት የሚከፈል ዕዳ ሆኖ ይጠራቀማል። ጥገናው ሲደርስ ዕዳው «ልዩ መዋጮ» በሚባል ተጨማሪ ክፍያ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል።

የሰርፍሳይድ አደጋ

እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2021 ሌሊት፣ በማያሚ አቅራቢያ በምትገኘው የሰርፍሳይድ ከተማ ባለ 12 ፎቁና 136 ቤቶች ያሉት ሻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ የተባለው ሕንፃ በከፊል ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው የተሠራው በ1981 ሲሆን በአካባቢው ደንብ መሠረት የ40 ዓመት ምርመራው እየተቃረበ ነበር።

ማኅበሩ የቀጠረው መሐንዲስ በ2018 ባቀረበው ሪፖርት በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ያለው የውኃ መከላከያ ሽፋን እንደከሸፈና ከሥሩ ያለው ሶሌታ ከባድ ጉዳት እንደደረሰበት ገልጾ ነበር። የጥገናው ግምት 9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በቦርዱና በባለቤቶቹ መካከል በተነሳ ውዝግብ አብዛኞቹ የቦርድ አባላት ለቀቁ። በ2021 ግምቱ ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ከፍ ሲል በማኅበሩ መጠባበቂያ የነበረው ከ1 ሚሊዮን ዶላር ያነሰ ነበር። የእያንዳንዱ ቤት ድርሻም ከ80,000 ዶላር ጀምሮ ከ300,000 ዶላር በላይ ይደርስ ነበር። ሕንፃው ሲደረመስ የኮንክሪቱ ጥገና አልተጀመረም ነበር።

የመደርመሱ ቴክኒካዊ ምክንያት ራሱን የቻለ ምርመራ የሚጠይቅ ነው። የጥገናው ታሪክ ግን አንድ ነገር ያሳያል፦ ጉዳቱን የጻፈ መሐንዲስ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ግኝቱን ወደ ዋጋ፣ ዋጋውን ወደ ብድርና መዋጮ፣ መዋጮውን ወደ ውሳኔ የሚቀይሩ ሌሎች ባለሙያዎችም ያስፈልጋሉ።

የባለሙያዎቹ ድርሻ

የስትራክቸር መሐንዲስ፦ ጉዳቱን ይመረምራል፣ አስቸኳዩን ሊቆይ ከሚችለው ይለያል፣ የጥገናውን ንድፍና የሥራ ዝርዝር ያዘጋጃል። አዲስ ሕንፃ መንደፍና ሰው የሚኖርበትን አሮጌ ሕንፃ መጠገን የተለያዩ ሙያዎች በመሆናቸው ተፈላጊው በጥገና የቆየ መሐንዲስ ነው።

የመጠባበቂያ ገንዘብ አጥኚ፦ የእያንዳንዱን የጋራ ንብረት ቀሪ ዕድሜና መተኪያ ዋጋ አስልቶ የዓመታዊ ቁጠባውን መጠን ያቀርባል።

የማኅበሩ ጠበቃ፦ ቦርዱ በራሱ የሚወስነውንና የባለቤቶች ድምፅ የሚያስፈልገውን ይለያል፤ ውሉንም ይመረምራል።

የሒሳብ ባለሙያና አበዳሪ ባንክ፦ ብዙ ማኅበሮች ሕንፃውን ሳይሆን የወደፊት መዋጮን ዋስትና አድርገው ይበደራሉ። ስለዚህ ባንኩ በቅድሚያ የሚያየው የሒሳብ መዝገቡን ጥራትና ስንት ባለቤቶች መዋጮ እንዳልከፈሉ ነው።

የማኅበሩ ተወካይ፦ በግንባታ አስተዳደር ልምድ ያለው ሆኖ ጊዜን፣ ክፍያንና ከነዋሪዎች ጋር የሚደረገውን ግንኙነት በማኅበሩ ስም ይከታተላል።

ሥራ ተቋራጭ፦ በመሐንዲሱ ዝርዝር መሠረት ጥገናውን ያከናውናል።

ቅደም ተከተልና ውል

ገንዘብ ያነሰው ማኅበር ሁሉንም ባለሙያዎች በአንድ ጊዜ መቅጠር አይጠበቅበትም። መጀመሪያ መሐንዲሱ ለምርመራ ብቻ በተወሰነ ክፍያ ይቀጠራል። በሪፖርቱ ላይ ተመሥርቶ ግምት ይወጣል፤ ግምቱ ለባንኩና ለባለቤቶች ስብሰባ ይቀርባል። ጨረታ የሚወጣው የገንዘቡ ምንጭ ከታወቀ በኋላ ነው። አደጋ ያለበት ክፍል ግን ስብሰባ ሳይጠብቅ በጊዜያዊ ድጋፍ ይያዛል ወይም ይዘጋል።

ዋናው ጥንቃቄ ጉዳቱን የሚለካውና በጥገናው የሚጠቀመው አንድ እንዳይሆን ነው። ተቋራጩ በራሱ መለኪያ ዋጋ ከሰጠ የተለያዩ ተጫራቾች ዋጋ ሊነጻጸር አይችልም፤ እያንዳንዱ የሚያቀርበው የተለየ ሥራ ስለሆነ ነው። በፍሎሪዳ ሕግ በ2025 በተደረገ ማሻሻያ፣ ለምርመራ የሚወዳደር ባለሙያ ወይም ተቋራጭ ለጥገናውም ለመጫረት ካሰበ አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት።

የባለሙያና የተቋራጭ አመራረጥም ይለያያል። የፍሎሪዳ ሕግ ከማኅበሩ ዓመታዊ በጀት 5 በመቶ በላይ ለሆነ ውል ጨረታ ሲጠይቅ የመሐንዲስ፣ የአርክቴክት፣ የጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ ውሎችን ከዚህ ግዴታ ነፃ ያደርጋል። ስለዚህ ማኅበሩ እነዚህን በዝቅተኛ ዋጋ ሳይሆን በልምድ መምረጥ ይችላል። ልምድን ለማረጋገጥ ቀደም ሲል የሠሯቸውን ሕንፃዎች ቦርዶች ማነጋገር፣ በተለይም የመጨረሻው ዋጋ ከመጀመሪያው ውል ስንት እንደራቀ መጠየቅ ይጠቅማል።

በኮንክሪት ጥገና ትክክለኛው የሥራ መጠን አስቀድሞ አይታወቅም። የባሕር ጨው ዘልቆ ሲገባ በውስጡ ያለው ፌሮ ይዝጋል፤ ዝገቱም ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን እየሰነጠቀ ያፈርሰዋል። የጉዳቱ ስፋት የሚታየው ኮንክሪቱ ሲፈለፈል ነው። በዚህ ምክንያት ውሉ ብዙ ጊዜ በነጠላ ዋጋ ይዘጋጃል፤ የተጠገነውን መጠን የሚለካው መሐንዲሱ ሲሆን ክፍያውም በእሱ ፊርማ ይፈጸማል። ከእያንዳንዱ ክፍያ የተወሰነ በመቶ ሥራው እስኪጠናቀቅ በመያዣነት ይቆያል። ላልተጠበቀ ሥራም የተለየ ገንዘብ ካልተያዘ ጥገናው በመሐል ሊቆም ይችላል።

ከአደጋው በኋላ የመጡ ሕጎች

ፍሎሪዳ በ2022 ባወጣችው ሕግ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ የጋራ ሕንፃዎች 30 ዓመት ሲሞላቸው፣ በአንዳንድ የባሕር ዳርቻ አካባቢዎች ደግሞ 25 ዓመት ሲሞላቸው፣ ከዚያም በየ10 ዓመቱ እንዲመረመሩ ታዘዘ። ለሕንፃው ጥንካሬ ወሳኝ ለሆኑ ክፍሎች የሚያስፈልገውን መጠባበቂያ በድምፅ መተውም ተከለከለ። ትልቁ የቤት ብድር ገዢ ፋኒ ሜይም ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ከባድ ጥገና በዘገየባቸው ሕንፃዎች ውስጥ ያሉ ቤቶችን ብድር እንደማይገዛ አስታወቀ። ስለዚህ ጥገናን ማዘግየት ቤቱን የመሸጥ ዕድልንም የሚያጠብ ሆነ።

ሕጎቹ ሌላ ችግርም አስከትለዋል። በጡረታ ገቢ የሚኖሩ ባለቤቶች የጨመረውን መዋጮና የመድን ክፍያ መቋቋም ከብዷቸዋል፤ ቤታቸውን ለመሸጥ የተገደዱም አሉ። የ2025ቱ ማሻሻያ ማኅበሮች መጠባበቂያውን በብድር እንዲያሟሉና ከምርመራ በኋላ ቁጠባውን በተወሰነ ሁኔታ ለአጭር ጊዜ እንዲያቆሙ የፈቀደው ይህን ለማቃለል ነው። ጥገናው ከአቅም በላይ ከሆነም ሕንፃውን በጋራ ወስኖ መሸጥ የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ ይቀራል። ይህ ውሳኔም ቢሆን የመሐንዲስ ግኝትና ገለልተኛ የዋጋ ግምት ያስፈልገዋል።